ሻጋታ፣ እርሾ፣ ዋግና እንጉዳይ፦ ስለ ፈንገሶች መግቢያ ትምህርት

በሰነበተ እንጀራ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴና ጥቁር ነገር ሻጋታ እንለዋለን። ሊጥ የሚያቦካውን እርሾ፣ የስንዴን ማሳ የሚያጠፋውን በሽታ ዋግ፣ ከዝናብ በኋላ ከመሬት ብቅ የሚለውን ጃንጥላ መሰል አካል ደግሞ እንጉዳይ ብለን እንጠራለን። በቆዳ ላይ የሚወጡትን ሕመሞች ጭርትና ቋቁቻ እንላቸዋለን። እነዚህ ስድስት ስሞች በዕለት ተዕለት ንግግራችን የየራሳቸው ቦታ ስላላቸው በመካከላቸው ዝምድና ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። የሥነ ሕይወት ሳይንስ ግን በስድስቱም ስሞች ውስጥ የአንድ ታላቅ ክፍል አባላትን ያገኛል። ይህ ክፍል የፈንገሶች ስፍን ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ ፈንገስ ምን እንደሆነ፣ አካሉ እንዴት እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚመገብና እንደሚራባ እንመለከታለን። ከዚያም በማድቤታችን፣ በደናችን፣ በማሳችን፣ በጎተራችንና በሰውነታችን ላይ ያለውን ሚና በምሳሌ እናብራራለን። በመጨረሻም አንባቢያን በራሳቸው ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ሙከራና የክለሳ ጥያቄዎች ቀርበዋል።

ፈንገስ ዕፅ ነው ወይስ እንስሳ?

የቀድሞ ሊቃውንት ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ሁሉ ዕፅዋትና እንስሳት ብለው በሁለት ይከፍሉ ነበር። እንጉዳይ ከቦታ ወደ ቦታ ስለማይንቀሳቀስና ከመሬት ስለሚበቅል ከዕፅዋት ተቆጠረ። ይህ አመዳደብ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ቢቆይም አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ሮበርት ዊታከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረበው ባለ አምስት ስፍን አመዳደብ ፈንገሶች ራሳቸውን የቻሉ ስፍን ሆነው ተለዩ።

ለመለየታቸው በቂ ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ፈንገስ አረንጓዴው ንጥረ ነገር ክሎሮፊል ስለሌለው በፀሐይ ብርሃን ኃይል ምግቡን ማዘጋጀት አይችልም፤ እንደ እንስሳት ሌላው ያዘጋጀውን ይመገባል። ሁለተኛ፣ የዕፅዋት ሕዋስ ግድግዳ ዋና ንጥረ ነገር ሴሉሎስ ሲሆን የፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ ግን ካይቲን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ካይቲን የአንበጣና የጢንዚዛ ቅርፊት የተሠራበት ነገር ነው። ሦስተኛ፣ ዕፅዋት ትርፍ ምግባቸውን በስታርች መልክ ሲያከማቹ ፈንገስ ግን እንደ እኛ ጉበትና ጡንቻ በግላይኮጅን መልክ ያከማቻል። በኋላ የመጣው የዘረመል ጥናትም ይህን አጠናከረ። በዝግመተ ለውጥ የዘር ሐረግ ላይ ፈንገሶች ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት የቀረቡ ናቸው። ይህ ዝምድና ለሐኪሞች ትልቅ ችግር እንደሚፈጥር ወደ በኋላ እናያለን።

ፈንገሶች ከባክቴሪያም ይለያሉ። የባክቴሪያ ሕዋስ ኑክሊየስ የለውም፤ የፈንገስ ሕዋስ ግን እንደ እኛ ሕዋስ በሽፋን የተከበበ ኑክሊየስ አለው። እስካሁን ተለይተው ስም የተሰጣቸው የፈንገስ ዝርያዎች ከ150,000 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት ግን በምድር ላይ ያሉት ዝርያዎች ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን ሊደርሱ እንደሚችሉ ያመለክታል። ስለዚህ አብዛኞቹ ገና የሚያውቃቸውና የሚመዘግባቸው ተመራማሪ ይጠብቃሉ።

የፈንገስ አካል አሠራር

እንጉዳይን ስናይ ሙሉውን ፈንገስ ያየን ይመስለናል። እንጉዳይ ግን የፈንገሱ የመራቢያ አካል ብቻ ነው፤ ለዛፍ ፍሬው እንደሆነው ማለት ነው። ዋናው አካል በአፈር፣ በበሰበሰ እንጨት ወይም በምግብ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። እርሱም ሃይፋ ከሚባሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። የአንድ ሃይፋ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ መቶኛ የማይበልጥ ነው። ክሮቹ እየተቀጣጠሉና እየተሳሰሩ የሚሠሩት መረብ ማይሲሊየም ይባላል።

ማይሲሊየም ምቹ ሁኔታ ካገኘ መጠኑ የትየለሌ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ በኦሬጎን ግዛት በሚገኝ ደን ውስጥ የተጠና አርሚላሪያ የተባለ ፈንገስ ወደ 9.6 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መሬት ሥር ተዘርግቶ ተገኝቷል። በስፋት ረገድ በምድር ላይ ከሚታወቁት ሕያዋን ትልልቆቹ ውስጥ ይቆጠራል። በአንጻሩ እርሾ ክር የለውም፤ እያንዳንዱ እርሾ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ አንድ ሕዋስ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሕዋስ እስከ ሙሉ ደን በአንድ ስፍን ውስጥ ይገኛሉ ማለት ነው።

አመጋገብና መራባት

እኛ ምግብን ውጠን በሆዳችን ውስጥ እንፈጨዋለን። ፈንገስ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። በመጀመሪያ ኢንዛይሞችን ወደ ውጭ አመንጭቶ በዙሪያው ያለውን ምግብ ያሟሟዋል፤ ከዚያም የተሟሟውን በሃይፋዎቹ ግድግዳ በኩል ይመጠዋል። ሻጋታ የያዘው ዳቦ የሚለሰልሰውና የሚርሰው ለዚህ ነው፤ ዳቦው ከፈንገሱ አካል ውጭ እየተፈጨ ነው።

ምግባቸውን በሚያገኙበት መንገድ ፈንገሶች በሦስት ይከፈላሉ። የሞተ አካልን የሚመገቡ አበስባሾች፣ ከሕያው አካል እየነጠቁ የሚኖሩ ጥገኞች፣ እንዲሁም ከሌላ ሕያው ጋር እየተጠቃቀሙ የሚኖሩ ተደጋጋፊዎች ናቸው።

አብዛኞቹ ፈንገሶች የሚራቡት ስፖር በሚባሉ ደቃቅ የመራቢያ ሕዋሳት ነው። አንድ እንጉዳይ በሕይወት ዘመኑ ስፖሮችን በቢሊዮን የሚቆጠር ብዛት ሊለቅ ይችላል። ስፖር ቀላል በመሆኑ ነፋስ ከአገር አገር ያሻግረዋል። ከምንተነፍሰው አየር ጋር ዘወትር ስፖር እናስገባለን። በመሶብ የተቀመጠ እንጀራ ማንም ሳይነካው የሚሻግተውም በላዩ ያረፈው ስፖር እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ ስለሚበቅል ነው። እርሾ በበኩሉ በአብዛኛው በማጎንቆል ይራባል፤ ከእናት ሕዋስ ጎን ትንሽ እብጠት ወጥታ አድጋ ትለያለች።

በማድቤታችን

የኢትዮጵያ ማድቤት ከጥንት ጀምሮ የፈንገስ ቤተ ሙከራ ነው። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ካለፈው ሊጥ የተረፈው ፈሳሽ እርሾ ይጨመርበታል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ እርሾ የተባሉት ፈንገሶች ብቻ ሳይሆኑ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም አሉ። ባክቴሪያዎቹ ለእንጀራው ኮምጣጣ ጣዕም ሲሰጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ደግሞ ሊጡን ኩፍ ያደርገዋል። ሊጡ በምጣድ ላይ ሲፈስ ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጡ የሚተዉት ቀዳዳ የእንጀራው ዓይን ይሆናል።

በጠላና በጠጅ ላይም የሚሠራው ይኸው ፍጥረት ነው። እርሾ ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ስኳርን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። በጠጅ ስኳሩ የሚገኘው ከማር ነው። በጠላ ግን እህሉ ውስጥ ያለው ስታርች አስቀድሞ ወደ ስኳር መለወጥ አለበት፤ ይህን የሚያደርጉት በብቅል ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው። እናቶቻችን የኢንዛይምን ስም ሳይሰሙ ብቅል ሳያበቅሉ ጠላ እንደማይጠመቅ በልምድ ያውቁ ነበር።

በደናችን

ፈንገሶች ባይኖሩ ደን በራሱ ውድቅ ሥር ይቀበር ነበር። የእንጨት ጥንካሬ የሚመነጨው ሊግኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሊግኒንን ሙሉ በሙሉ ማፍረስ የሚችሉ ሕያዋን ጥቂቶች ሲሆኑ ከእነርሱ ግንባር ቀደሞቹ አንዳንድ የእንጉዳይ ዘመዶች ናቸው። የወደቀው ግንድ ሲበሰብስ በውስጡ የተያዘው ንጥረ ምግብ ወደ አፈር ይመለሳል፤ ካርቦኑም ወደ አየር ይመለሳል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ከሕያዋን ዛፎች ጋር ያላቸው ትብብር ነው። ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች ከዕፅዋት ሥር ጋር ተጣምረው ይኖራሉ። ቀጫጭን ክሮቻቸው የዛፉ ሥር ሊገባበት ከማይችል ጠባብ ቦታ ፎስፈረስና ውኃ ያመጣሉ፤ ዛፉ በለውጡ ስኳር ይሰጣቸዋል። የአገራችን ጽድና ዝግባም ከእንዲህ ዓይነት ፈንገሶች ጋር ይኖራሉ። ስለዚህ ደን ሲጨፈጨፍና አፈሩ ሲታጠብ የሚጠፋው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ ችግኙን ያሳድግ የነበረው የማይታይ ረዳትም አብሮ ይጠፋል። የተራቆተ ተራራ ላይ የተተከለ ችግኝ ከሚቸገርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የምስጥ ኩይሳ ባለባቸው ቦታዎች የሚበቅሉ እንጉዳዮችም አሉ። ተርሚቶማይስስ የተባለውን ይህን ፈንገስ ምስጦቹ በኩይሳቸው ውስጥ እንደ ገበሬ ያለሙታል፤ ለመፍጨት የሚያስቸግራቸውን የዕፅ ፍርፋሪ እርሱ ይፈጭላቸዋል። በአካባቢው ያሉ እንደ መዠንገር ያሉ ሕዝቦች እንጉዳይን ከጥንት ጀምሮ ይመገባሉ፤ የሚበላውን ከማይበላው የሚለዩበት የዳበረ ዕውቀትም አላቸው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። መርዛማውን እንጉዳይ ከሚበላው የሚለይ አንድ ቀላል መመሪያ የለም። ቀለሙ፣ ሽታው ወይም ነፍሳት የበሉት መሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። አማኒታ ፋሎይዲስ የተባለው እንጉዳይ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ምልክቱም ከ6 ሰዓት በኋላ ወይም ከዚያ ዘግይቶ ስለሚታይ ጉበት መጎዳት ከጀመረ በኋላ ነው የሚታወቀው። በእርግጠኝነት የማታውቁትን የዱር እንጉዳይ አትብሉ።

በማሳችን

የስንዴ ዋግ ሦስት ዓይነት ነው፤ የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና ቢጫ ዋግ። ሦስቱም ፑክሲኒያ በሚባል ወገን ውስጥ የሚመደቡ ጥገኛ ፈንገሶች ናቸው። ስፖሩ በስንዴው ላይ አርፎ ጤዛ ሲያገኝ ይበቅላል፤ ክሮቹን ወደ ተክሉ ሕዋሳት ሰድዶም ለፍሬው የታሰበውን ምግብ ይመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅጠሉ ወይም ግንዱ ይፈነዳና ዝገት የሚመስል የስፖር ዱቄት ይበተናል።

እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ ዩ.ጂ.99 የተባለ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ታየ። በዘመኑ በዓለም ላይ ይዘሩ የነበሩትን አብዛኞቹን የስንዴ ዝርያዎች ማጥቃት የሚችል በመሆኑ ታላቅ ስጋት ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ተስፋፍቶ ቁብሳ የተባለውን በሰፊው ይዘራ የነበረ ዝርያ ክፉኛ አጠቃ። ገበሬዎች ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዲገሉ የተባለ ዝርያ ተቀበሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ ከዩ.ጂ.99 የተለየ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ በተለይ በባሌ የዲገሉን ማሳ አወደመ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ሰፊ ማሳ በአንድ ዝርያ ብቻ ሲሸፈን ያን ዝርያ የሚያሸንፍ አንድ የፈንገስ ዘር ሲነሣ ሁሉንም በአንድ ክረምት ያጠፋዋል። ፈንገሱ ስፖሮችን እጅግ በብዛት ስለሚያመርት በመካከላቸው አዲስ ባሕርይ ያለው መገኘቱ አይቀርም። በመሆኑም በቁሉምሳና በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከላት የሚደረገው ዋግ የሚቋቋም ዝርያ የማውጣት ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም።

የቡና ታሪክ ደግሞ የብዝኃ ሕይወትን ጥቅም ያሳያል። የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው የፈንገስ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። በሽታው ያልበሰለውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል። ተመራማሪዎች በበሽታው በተጠቁ ማሳዎች መካከል ጤናማ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፈልገው ዘር ወሰዱ፤ በጅማ የምርምር ማዕከል ከተፈተኑ በኋላም በ1970ዎቹ መጨረሻ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መውጣት ጀመሩ። 74110 የሚባለው ዝርያ ከእነዚህ አንዱ ነው። መድኃኒቱ የተገኘው ከራሱ ከአገሩ ቡና ነው፤ ደኑ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የሚመረጥ ነገር አይኖርም ነበር።

በጎተራችን

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የቤት ወፎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ መኖ ሆኖ ተገኘ። በመኖው ላይ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ በቅሎ መርዝ አመንጭቶ ነበር፤ መርዙም ከፈንገሱ ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። ዛሬ አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠ ሁኔታ ይታወቃል።

የአፍላቶክሲን ክፋት ሦስት ነው። አይታይም፤ ሽታና ጣዕም የለውም፤ በተራ የምግብ ማብሰያ ሙቀትም አይጠፋም። የሻገተ በርበሬ ወይም ኦቾሎኒ ታጥቦና ተቆልቶ ሻጋታው ቢጠፋ እንኳ መርዙ ሊቀር ይችላል። ከመኖ ወደ ወተትም ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተደረገ ጥናት ከመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ የአውሮፓ ኅብረት ከወሰነው መጠን ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ። ዋነኛው ምንጭም ለላሞቹ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ እንደሆነ ታወቀ።

ከዚህ የቀደመ የፈንገስ መርዝም አለ። ኤርጎት የተባለው ፈንገስ የእህሉን ፍሬ ተክቶ ጥቁር ቀንድ የሚመስል አካል ያበቅላል። በውስጡ ያለው መርዝ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ደም የማያገኙት እግርና እጅ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በወሎ ከእህል ጋር በተቀላቀለ የዱር አጃ ምክንያት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በአርሲ በተበከለ ገብስ ምክንያት ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል።

መከላከያው ውድ አይደለም። እህልን በደንብ አድርቆ ማስቀመጥ፣ የተሸበሸበውንና ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ ለቅሞ መጣል፣ ጎተራን ከእርጥበት መጠበቅ፣ የሻገተውን ለከብትም አለመስጠት ዋናዎቹ ናቸው። ሻጋታ የታየበትን ዳቦ ወይም እንጀራ ጫፉን ቆርጦ ቀሪውን መብላትም አይመከርም፤ ከሚታየው አረንጓዴ ሥፍራ ርቀው የሄዱ ክሮች በዓይን አይታዩምና።

በሰውነታችንና በሕክምና

ጭርት ቆዳን፣ ፀጉርንና ጥፍርን በሚመገቡ ፈንገሶች ይመጣል፤ በተለይ በተማሪዎች መካከል በማበጠሪያና በባርኔጣ መዋዋስ ይተላለፋል። ቋቁቻ ደግሞ በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ መሰል ፈንገስ ሲበዛ የሚታይ ነው፤ ከንጽሕና ጉድለት የመጣ ተደርጎ መታየት የለበትም። የሰውነት የመከላከል አቅም በደከመ ጊዜ ግን ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የአንጎልን ሽፋን እስከ ማጥቃት ይደርሳል። በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን ቆዳ የሚያቆስለው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስም የፈንገስ በሽታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ቅድሚያ ትኩረት የሚሹ 19 የፈንገስ ዓይነቶችን ዝርዝር አወጣ። እዚህ ላይ ቀደም ሲል ያነሣነው ዝምድና ችግር ይሆናል። የፈንገስ ሕዋስ ለእኛ ሕዋስ ስለሚቀርብ ፈንገሱን የሚገድል መድኃኒት እኛንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ቀማሚዎች ጥቂቶቹን ልዩነቶች ይፈልጋሉ። ለምሳሌ በእኛ የሕዋስ ሽፋን ውስጥ ኮሌስትሮል ሲገኝ በፈንገሱ ኤርጎስቴሮል አለ፤ ብዙዎቹ የፈንገስ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩት በዚህ ላይ ነው። ለባክቴሪያ የተሠራ አንቲባዮቲክ ጭርትን የማያድነውም የሚያጠቃው የባክቴሪያን አካል ስለሆነ ነው።

ፈንገስ ግን መድኃኒትም ይሰጣል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 በአንድ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳሕን ላይ የበቀለ ፔኒሲሊየም የተባለ ሻጋታ በዙሪያው ያሉትን ባክቴሪያዎች ማጥፋቱን አስተዋለ። ሃዋርድ ፍሎሪና ኤርንስት ቼይን ከባልደረቦቻቸው ጋር ፔኒሲሊንን ለሕክምና አበቁት፤ ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። የተተከለ ኩላሊት በሰውነት ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚረዳው ሳይክሎስፖሪንም ከፈንገስ የተገኘ ነው።

ቀላል ሙከራ፦ ሻጋታ ምን ይፈልጋል?

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ አራት እኩል የዳቦ ቁራጮች፣ አራት የሚታሸጉ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ውኃ።

አሠራር፦ ሁለቱን ቁራጮች በጥቂት ውኃ አርጥቡ፤ ሁለቱን በፀሐይ አድርቁ። እያንዳንዱን በከረጢት አሽጋችሁ ቁጥር ስጡ። አንድ እርጥብና አንድ ደረቅ በሞቃት ቦታ፣ የቀሩትን ሁለት በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ለ7 ቀናት በየዕለቱ ያያችሁትን ቀለምና ስፋት መዝግቡ።

ጥንቃቄ፦ ስፖሩ ወደ አየር ተበትኖ እንዳይተነፈስ ከረጢቶቹን በፍጹም አትክፈቱ፤ ሙከራው ሲያበቃ እንደታሸጉ አስወግዷቸው።

ማጠቃለያ

ፈንገስ እንደ ወዳጅም እንደ ጠላትም ሊታይ ይችላል፤ ሊጥ የሚያቦካውና እህል የሚመርዘው የአንድ ስፍን አባላት ናቸው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የትኛው ዝርያ፣ የት ቦታና በምን ሁኔታ ላይ እንደሚበቅል ነው። ኑሮዋ በስንዴ፣ በጤፍና በቡና ላይ ለተመሠረተ አገር ይህን ማወቅ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር አይደለም። በአገራችን አፈርና ደን ውስጥ ገና ያልተጠኑ ብዙ ፈንገሶች አሉ፤ ይህን መስክ የሚመርጥ ተማሪ ሥራ አያጣም።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. ፈንገስን ከዕፅዋት የሚለዩትን ሦስት ነገሮች ጥቀሱ።
2. እንጉዳይን ነቅለን ብንጥለው ፈንገሱ ጠፍቷል ማለት ይቻላልን? ለምን?
3. የተቆላ የሻገተ ኦቾሎኒ ለጤና አስተማማኝ የማይሆነው ለምንድን ነው?
4. በአንድ ወረዳ ያሉ ገበሬዎች ሁሉ አንድ የስንዴ ዝርያ ቢዘሩ ምን ጥቅምና ምን አደጋ ይኖረዋል?
5. በሙከራው ቀድሞ የሻገተው የትኛው ቁራጭ ነው? ውጤቱ ስለ እህል አቀማመጥ ምን ያስተምራል?